ከውሃ በኩል የተሰቀለችው ኮከብ

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ደርሰናል። ቁልፉ አልዞር ብሎ ወንድሜ በሩን በትከሻው ከፈተው። ዓመቱን ሙሉ አይጦች ነግሠውበት ከርመዋል፤ አንዱን ፍራሽ ከጥግ እስከ ጥግ ቀምሰውታል። የቀረው እንዳለ ነው፦ ሦስቱ የእንጨት ቤቶች፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ያለው ረጅም ጠረጴዛ፣ በሆዷ የተደፋችው ጀልባ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ያለው የጀልባ መቆሚያ።

ዘንድሮ የካምፑ ኃላፊ እኔ ነኝ። ትልቋ አክስቴ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ጉልበቷ እምቢ ቢላት ቁልፉን አስረከበችኝ። “አንቺ ነገር አይጠፋብሽም” አለች። ፋርማሲስት ስለሆንኩ ነው፤ ክኒን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ የማልረካ ሰው ነኝ። ቤተሰቡ ከልጅነቴ ጀምሮ ጉንዳን የሚለኝም ለዚሁ ነው። የተበታተነ ጫማ ካየሁ ሳልደረድር አላልፍም።

ከሰዓት በኋላ ሰሌዳውን ቀባሁ። ሰሌዳው የአያቴ ሥራ ነው፤ መቆሚያው መግቢያ ላይ፣ ከመጋዘኑ ግድግዳ ላይ በምስማር ተመትቷል። በግራ “ውሃ”፣ በቀኝ “መሬት” ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሁለቱም ሥር ምስማሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዳችን ከተሰበረ መቅዘፊያ የተቆረጠች ክብ እንጨት አለችን፤ መለያ እንላታለን። በእኔዋ ላይ የበር ቁልፍ ተስሏል፣ በወንድሜ ላይ መዶሻ። ሊዋኝ የሚገባ መለያውን ወደ ግራ ያሻግራል፤ ሲወጣ ወደ ቀኝ ይመልሳል። የዕለቱ ጠባቂ ከመቆሚያው የሚነሳው በግራ በኩል ማንም እንዳልቀረ አይቶ ነው። ሕጉ ሁለት ነው፦ የራስህን ራስህ መልስ፤ የሰው አትንካ። የረሳ ሰው በማግስቱ እግሩን እንኳ አያርስም።

ስቀባ አንዷን ምስማር ዘልያታለሁ። ኮከብ የተሳለባት መለያ ከውሃ በኩል ከተሰቀለች ሠላሳ ዓመት ሆናት። የእትዬ ልጅ መለያ ናት። ማንም አያነሳትም። በትንሿ ብሩሽ ዙሪያዋን ቀባሁ። ብሩሹን ሳላጥብ ተነሳሁ፤ የቀለሙ ሽታ አይስማማኝም።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ልጆቹ መጡ፤ ስድስት ናቸው። ሁለቱ የወንድሜ፣ አራቱ የሌሎች ዘመዶች፤ የእነሱ ወላጆች ሥራ ስላለባቸው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ብቅ ይላሉ። የወንድሜ ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሬዲዮ እንላታለን፣ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። ታናሽ ወንድሟ ድንቡሼ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩን ሳይቆነጥጥ የሚያልፍ ሰው የለም። መለያው ላይ ዳክዬ ሣልኩለት።

ምሳ ላይ እትዬ ከቦርሳዋ ደብዳቤ አወጣች። “ወንድሜ ጽፏል” አለች። ወንድሟን ስትጠራ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የሰማኋት ለሁለተኛ ጊዜ ነው። ታናሽ አጎቴ፣ እኔ ጋሼ የምለው። ሚስቱ ሞታለች። ልጅ የለውም። ጥቂት ሳምንት ሐይቁን ልይ፣ ከዚያ አላስቸግርም ይላል።

“ምን ትመልሺለታለሽ?” አላት ወንድሜ።

“ይምጣ። እህል ውሃ አልከለክለውም።” ደብዳቤውን አራት ቦታ አጠፈችው። “መቆሚያው ላይ ግን እግሩ እንዳይደርስ። ልጆቹንም ብቻቸውን ከእሱ ጋር እንዳልሰማ። ጉንዳን፣ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።”

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሾርባው ጨው በዝቶበት ነበር።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

መጣ። ከሚኒባሱ ሲወርድ መጀመሪያ አላወቅሁትም። ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ሰባ ይመስላል። ልብስ ሰፊ ነው። ኮቱ ኪስ ውስጥ ሜትር አለ፤ ሸሚዙ ላይ ክር። የምናውቀው ወጣት ግን ከጀልባ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በሃያ ዓመቱ የመንገደኞች ጀልባ ረዳት መሪ ሆኖ ተቀጥሮ ካፒቴን ብለን ነበር የምንጠራው። ካፒቴን ሲባል እንደ ዶሮ ደረቱን ይነፋ ነበር።

“ጉንዳኔ” አለኝ። ሻንጣውን ለመቀበል ጎንበስ አልኩ፤ ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ ስላጣሁ።

እትዬ ሳህን አቀረበችለት። ዓይኗ ሳህኑ ላይ ነው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። “ቤቱ ያው ነው” አላት። እሷ ለልጆቹ ዳቦ ቆረሰች። ሬዲዮ ናት ያዳነችን፤ ስለ ትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ጥርስ ግማሽ ሰዓት አወራች።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

በጥድፊያ። ጋዝ አልቋል። ሁለት ልጆች ሳል አላቸው። ጋሼ ከመቆሚያው ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ ከዛፉ ሥር ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ። ልጆቹ ሲዋኙ ዓይኑን አይነቅልም፣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው፣ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። የወንድሜ ሚስት “የነርቭ ነገር ይሆን?” አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ሰሌዳውን ዛሬ አራቴ አየሁት። ሁሉም በቦታው ነው።

ሐምሌ 14፣ እሁድ

ከምሳ በኋላ ሁሉም ተኝቷል። ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የእትዬ ልጅ ስምንት። እንደ መንታ ነበርን። ያን ቀን የመቆሚያው ጠባቂ ጋሼ ነበር። የምሳ ደወል ተደወለ፤ እየሮጥን ወጣን። ጋሼ ሰሌዳውን አይቶ ተከተለን። ጠረጴዛ ላይ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሐይቁ ሮጠ። ልጁን አመሻሽ ላይ ከሸምበቆው ውስጥ አወጡት።

አያቴ ሰሌዳው ጋ ሲደርስ ኮከቧ ከውሃ በኩል ነበረች። “ማንበብ አትችልም?” አለው። ጋሼ “ከመሬት በኩል ነበረች፤ በዓይኔ አይቻለሁ” አለ። ደጋግሞ። ሁሉም ኮከቧን ያያል፣ እሱን ያያል። እትዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ “ዓይንህ ይፍሰስ” አለችው። ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። በሳምንቱ ካምፑን ለቆ ሄደ፤ የጀልባ ሥራውንም ተወ።

የማውቀው ይኸው ነው።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

እሁድ የጻፍኩትን አነበብኩት። የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ሳህን ሲያጥቡ ሰማኋቸው፤ እትዬና የወንድሜ ሚስት። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ጆሮ ጠቢ አይደለሁም፣ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

“ወንድምዎ ልጅ ሳይወልዱ የቀሩት በምን ይሆን?” አለች የወንድሜ ሚስት።

“ሚስቱ ትፈልግ ነበር አሉ። እሱ ነው እምቢ ያለው። እኔ ልጅ የሚታመንብኝ ሰው አይደለሁም አላት አሉ።”

“ታዲያ ይቅርታ ጠይቀውዎት አያውቁም?”

“ይቅርታ ብሎ አያውቅም። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አንድ ቀን ቢያለቅስልኝ ኖሮ ልቤ ይራራ ነበር። እሱ እስከ መጨረሻው አይቻለሁ ነው ያለው። የሚያናድደኝ ይኸው ነው።” ውሃው ሲፈስ ቆየ። “ተይው፤ ዝም አይነቅዝም።”

አንድ ሸሚዝ ሦስቴ አሰጣሁ መሰለኝ። ይነቅዛል እትዬ። ከውስጥ ጀምሮ ነው የሚነቅዘው።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ልነግረው ነበር። እውነቴን ነው፣ ዛሬ ልነግረው ነበር።

ሬዲዮ ቀሚሷን ከሽቦ ላይ ቀድዳው ጋሼ እየጠቀመላት አገኘሁት። ልጆቹ ካፒቴን ይሉት ጀምረዋል፤ ከየት እንደሰሙት አላውቅም፤ የድሮ ፎቶ አይተው ይሆናል። እሱም አልከለከላቸውም፤ ደረቱን ግን አይነፋም።

ከጎኑ ተቀመጥኩ። “ጋሼ፣ ኪስህ ውስጥ ምንድነው እሱ?”

ፈገግ አለና አወጣው። ቁልፍ ነው፤ የልብስ ቁልፍ። ስድስት ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች። “አንድ ልጅ ሲገባ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ አሳልፋለሁ፤ ሲወጣ እመልሳለሁ። ሰሌዳውን እንኳ...” ትከሻውን ነቀነቀ። “ከዚህ ሆኖ አይነበብም። ቢነበብም እኔ አላምነውም። ሰሌዳውን ሳይሆን ዓይኔን ነው የማላምነው።”

“ለምን?”

“አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ አታስታውሺም” አለ። መርፌውን ወደ ብርሃን አንስቶ ክር አስገባ፤ በአንድ ጊዜ፣ ያለ መነጽር። “የጀልባው ኃላፊ አትልቀቅ ብሎኝ ነበር። ግን በዓይኔ ያየሁት ውሸት ከሆነ፣ አንድ ቀን ድንጋዩን ውሃ ነው ብዬ መቶ ሰው ብጨርስስ? ልብስ ይሻላል። ልብስ ቢበላሽ ይፈታል።”

አፌን ከፈትኩ። “ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ እኔ...” አልኩ። ሬዲዮ በካልሲ ብቻ እየሮጠች መጣች፤ “አለቀ? አለቀ? አክስቴ፣ ድንቡሼ ጉንዳን በላ፤ አንቺን አይደለም፣ እውነተኛ ጉንዳን!” ጋሼ ከልቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሄድኩ።

ሬዲዮ ባትመጣ እነግረው ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ሬዲዮ ከሄደች በኋላ ጋሼ ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ድንቡሼ መለያውን ሳይመልስ ለምሳ መጣ። በሰባት ቀን ውስጥ ሦስተኛው ነው። ነገ አይዋኝም አልኩ። አለቀሰ።

“አክስቴ፣ እሱ እኮ ይረሳል” አለችኝ ሬዲዮ። “ጭንቅላቱ ገና ትንሽ ነው።”

“ሕግ ሕግ ነው።”

“ረሳ እንጂ ሰው አልገደለም!”

እጇን ይዤ ከሰሌዳው ፊት አቆምኳት፤ ጮህኩባት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ሬዲዮ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፤ ጋሼም ከወንበሩ ተነሳ። ከመጠን በላይ ሆኛለሁ፤ አውቃለሁ። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። ሕጉን የፈራ ልጅ ግን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

ድንቡሼ ደህና ነው። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። ደህና ነው። ሾርባ ጠጥቷል፤ ብስኩት ጠይቋል።

እንደመጣልኝ ልጽፈው።

ጠባቂው ወንድሜ ነበር። ስድስቱም ውሃ ውስጥ ነበሩ። ስምንት ሰዓት ገደማ ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ፣ መለያ እየመለሱ ወደ ቤት። ወንድሜ ሰሌዳውን አየ፤ ፎጣዎቹን ሰብስቦ መጣ። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ጋሼ በዝናቡ ውስጥ ከዛፉ ሥር ቆሟል፤ አንድ እጁ ግራ ኪሱ ውስጥ ነው።

“አንዱ ቀርቷል!” ብሎ ጮኸ።

ወንድሜ “ሁሉም ወጥተዋል ጋሼ፣ ከውሃ በኩል የቀረ የለም” አለው።

“ስድስት ገቡ፣ አምስት ወጡ!”

እትዬ ከበሩ ላይ “ወዴት ነው?” ስትል ሰማሁ፤ ምክንያቱም ጋሼ ይሮጥ ነበር። በኮቱ፣ በጫማው። መቆሚያውን ከዳር እስከ ዳር ሮጠና ዘለለ።

ድንቡሼ ለዋናተኞች ማረፊያ ሐይቁ ላይ ከታሰረው የበርሜል መንሳፈፊያ ሥር ተደብቆ ሊያስደነግጠን ፈልጎ እግሩ በመልሕቁ ገመድ ተጠልፎ ነበር። በሁለት በርሜሎች መሃል አፍንጫውን አውጥቶ ይዟል። ዝናቡ በርሜሉ ላይ ሲወርድ ጩኸቱን ማን ይስማው? ማዕበሉ እያደገ ነበር። ጋሼ ገመዱን በጥርሱ ነው የፈታው። ተሸክሞት ሲወጣ ከንፈሩ ደምቶ ነበር።

ልጁ አስመለሰው፣ አለቀሰ፣ እናቱ አቀፈችው። እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት።

“አንተ ምን ስትሠራ ነው?” አለችው የወንድሜ ሚስት ባሏን።

“መለያው ከመሬት በኩል ነበር። አይቼ ነው የተነሳሁት።”

ሁላችንም ወደ ሰሌዳው ዞርን። ዳክዬው ከውሃ በኩል ተሰቅሏል፤ ከኮከቧ ጎን።

“ይኸውልህ” አለችው።

“በዓይኔ አይቻለሁ እኮ! ከመሬት በኩል ነበር!”

“ልጄን ልትገድለው ነበር፤ ደግሞ ትዋሸኛለህ?”

እትዬ በሩን ተደግፋ ቆመች። ጋሼ ፎጣ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። “እኔ አምነዋለሁ” አለ በዝግታ። ከእኔ በስተቀር የሰማው ያለ አልመሰለኝም።

ከመጋዘኑ ጥግ ሬዲዮ ቆማለች። ፀጉሯ ይንጠባጠባል። አፏ ተገጥሟል።

ሐምሌ 28፣ እሁድ፣ ጠዋት

ሬዲዮ ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሁሉም “ደንግጣ ነው” ይላል። ጠዋት በረንዳው ላይ የሰውን ሁሉ ጫማ ስትደረድር አገኘኋት። ጥንድ በጥንድ፣ በቁመት።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም ሳልላት “የማንንም መለያ አልነካሁም” አለችኝ።

እኔም ያን ቀን እንዲሁ ነበር ያልኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ።

ወንድሜ ጀልባዋ ውስጥ ነው ያደረው። ሚስቱ ሻንጣ እያሰናዳች ነው። አላመነችውም፤ እኔም በቦታዋ ብሆን አላምነውም ነበር። ነገ ደግሞ እሱ ራሱ አላየሁ ይሆናል ማለት ይጀምራል። እውነት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሠላሳ ዓመት አደረ፤ በራሱ አልጠራም። ይህች ልጅ አርባ ዓመት እስኪሞላት ክኒን ስትቆጥር ልትኖር ነው።

ምሳ ላይ።

ሐምሌ 28፣ እሁድ፣ ከሰዓት

ተናገርኩ።

ለቅዳሜና እሁድ የመጡት ዘመዶች ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ቆምኩ፤ ሁሉም ጨው ልወስድ የተነሳሁ መስሏቸዋል። እንዲህ አልኩ፤ ቃሉን እንዳለ ልጻፈው፦

“ወንድሜ ትናንት አልዋሸም። ጋሼም ያኔ አልዋሸም። ኮከቧ ከመሬት በኩል ነበረች። ከዚያ ያሻገርኳት እኔ ነኝ። ደወል ሲደወል የራሴን ስመልስ የእትዬን ልጅ መለያ ከውሃ በኩል አየኋት። ወጥቶ የረሳ መሰለኝ። በዚያ ሳምንት ሦስቴ ተቀጥቶ ነበር፤ አሳዘነኝ፤ መለስኩለት። ጋሼ ያየው እሱን ነው። ወንበሩ ባዶ ሲሆን፣ እናንተ ወደ ውሃው ስትሮጡ፣ እኔ ወደ ሰሌዳው ሮጥኩ። ወደ ውሃ በኩል መለስኳት። አያቴ ያየው ደግሞ እሱን ነው።”

እትዬ ዱላዋን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

“ሁለቴ ነው የነካሽው?” አለችኝ እትዬ።

“ሁለቴ።”

“የመጀመሪያው ይገባኛል። ሕፃን ነሽ፣ አዘንሽ። ሁለተኛውን ለምን?”

“ፈርቼ።”

“ከዚያስ? ሃያ ዓመት ሲሞላሽ? ሠላሳ ሲሞላሽ?”

“ፈርቼ” አልኩ።

ጋሼን ማየት ነበረብኝ፤ አየሁት። ማንኪያውን ቀስ ብሎ ከሳህኑ ጎን አስቀመጠ፤ እንዳይሰበር የሚጠነቀቅ ነገር ይመስል።

“ዓይኔን ለሦስት ሐኪም አሳይቻለሁ” አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው። “ሦስት። ሦስቱም ደህና ነው አሉኝ። አላመንኳቸውም። ሚስቴ ታምነኝ ነበር። አይተህ ይሆናል ትለኝ ነበር። እሷንም አላመንኳትም።”

ተነስቶ ወደ ሸምበቆው በኩል ሄደ። ማንም አልተከተለውም።

ያኔ ነው ከጠረጴዛው ጫፍ ትንሽ ድምፅ የተሰማው። “አባዬ፣ እኔም ሁለቴ ነው” አለች ሬዲዮ። ወንድሜ እንደ ሕፃን አንስቶ አቀፋት፤ እሷም ትናንትና ዛሬ ያላወራችውን በአንድ ትንፋሽ አወራችው፤ ግማሹ ልቅሶ ነው። ሚስቱ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ልብሱን ሁሉ ከሻንጣው አውጥታ ወደ ቦታው መልሳ ነበር።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ

ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ቡና ይቀዱልኛል፤ ስኳሩን ያቀብሉኛል።

ትናንት ጋሼን ሸምበቆው ጋ አገኘሁት። ይቅር በለኝ አልኩት፤ ጉልበቱን ያዝኩ። አነሳኝ። “ቆይ” አለኝ። ጉንዳኔም አላለኝም።

ዛሬ ጠዋት እትዬ በዱላዋ እየተደገፈች ብቻዋን ወደ ሰሌዳው ወረደች። ከመስኮት አየኋት። ኮከቧን ከምስማሩ ላይ አነሳች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻት፤ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት። ስትመለስ በበሩ አጠገብ አለፈችኝ። “ዝም አይነቅዝም እል ነበር” አለችኝና ገባች።

ምሳ ሲቀርብ በረንዳው ላይ ወጣች። “ካፒቴን!” ብላ ተጣራች፤ ድምፅዋ እዚያ ማዶ ይሰማል። “ምሳ ይቀዘቅዛል!” ጋሼ ከዛፉ ሥር ነበር። ለመነሳት ጊዜ ፈጀበት። ከጎኗ ተቀመጠ። በሳህኑ ላይ ከራሷ ሳህን ጨመረችለት፤ ጠግቤያለሁ ቢላትም ጨመረችለት። “ዓይንህን...” አለችና አልጨረሰችውም። “ገባኝ እትዬ” አላት። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው በሉ።

እኔ የምበላው አልወርድ ብሎኝ ተነሳሁ። ሳህን ሳጥብ ሬዲዮ መጣችና ማድረቂያውን ያዘች። “አክስቴ፣ አንቺንም ይቅር ይሉሻል?” አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ከጻፍኩትም ከተናገርኩትም ሁሉ ይኼኛው እውነተኛው አላውቅም ነው።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

ጋሼ ዛሬ ሄደ። ሚኒባሱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳ። “ሥራ አለሽ?”

“የለኝም።”

“ነይ።”

ወደ መቆሚያው ወረድን። ሐይቁ ረግቷል። ከኪሱ አንድ የካፖርት ቁልፍ አወጣ፤ ቡናማ፣ ትልቅ፤ በአራቱ ቀዳዳዎች ክር አሳልፎ ማንጠልጠያ ሠርቶላታል። የእሱ ምስማር ሰባተኛው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ባዶውን የኖረው። ቁልፉን ከውሃ በኩል ሰቀላት።

“ጠባቂዋ አንቺ ነሽ” አለኝ። “ተቀመጪ። እሷን አትንኪያት።”

“እሺ ጋሼ።”

ልብሱን አጣጥፎ መቆሚያው ላይ አስቀመጠና ገባ። ከድንቡሼ ቀን በቀር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ አልነካም፤ ይህን ለእትዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ክንዱ ከባድ ነበር፤ ቆይቶ አስታወሰ። ወደ መንሳፈፊያው ዋኘ፣ አለፈው። ጭንቅላቱ ብቻ ይታየኛል። ከዚያ ወደ ሸምበቆው ታጠፈ፤ ልጁ ወደ ተገኘበት። ሸምበቆው ሸፈነው።

አልታየኝም። ቆጠርኩ። ስልሳ። መቶ። ሁለት መቶ። ከበረንዳው ሬዲዮ “አክስቴ ቁርስ!” አለች። አልተነሳሁም። ወንድሜም ተጣራ። አልተነሳሁም። ቁልፏ ከግራ ምስማር ላይ በንፋሱ ትንሽ ትወዛወዛለች። እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። ስለበረደኝ ነው። አይ፤ እንዳልነካትም ነው።

ስንት ሰዓት እንደቆየ አላውቅም። በሸምበቆው በሌላኛው በኩል ወጣ፤ በዳር በዳር እየዋኘ መጣ። መሰላሉን ሲይዝ እስትንፋሱ ይሰማኛል። ውሃ እያንጠባጠበ በአጠገቤ አልፎ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ቁልፏን በሁለት ጣቱ አነሳ፤ ወደ ቀኝ አሻግሮ ከመሬት በኩል ሰቀላት። እጁን ወዲያው አላነሳም።

“አየሽ?” አለኝ።

“አየሁ ጋሼ።”

“እኔም ያን ቀን አይቼ ነበር” አለና ጫማውን ሊያደርግ ተቀመጠ።